የግራ ጫማ

ከሆጤ ሜዳ በር ማዶ፣ ከባንኩ ደረጃ ሥር
ወስፌና መዶሻ፣ ሰም የጠጣ ክር
ይዤ በምቀመጥበት፣
እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሰየማል ትልቅ ሸንጎ፤
አንዱ ጫማውን ሰጥቶኝ፣ እግሩን ጋዜጣ ላይ አድርጎ፣
አንዱ የሚሰፋ ሳይኖረው ወሬውን ብቻ ፈልጎ።

የዓመቱ አጋማሽ ነው። የዝውውሩ በር ሊዘጋ
የቀረው ሦስት ቀን፤
እኛ አራተኛ ነን፣ ከመሪው በሰባት ነጥብ ርቀን።
ወሬው ደግሞ አንድ ነው፦
ተካልኝን ሊያመጡት ነው፣ ግብ አዳኙን፣ አንጋፋውን፣
በምትኩ ኑርዬን ሊሰጡ፣ የቧንቧ ውሃውን፣
አሥራ ስምንት ያልሞላውን።

«ይስጡት!» አለ ይማም፣ የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ፣
«አባቴ ዋንጫ ሲጠብቅ ሞተ፣ የኔም ፀጉር መንጣት ጀመረ!
'ነገ' ማለት ለኛ ክለብ በየዓመቱ የሚታደስ ዕዳ ነው፤
ዛሬ ሁለት ያገባልኝ፣ እሱን ነው ልጄ የምለው።»

«ወላሂ አይሆንም!» ሐዋ ነች፣ ከድንች ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣
ጥላዋን እንደ ዳኛ ካርድ ከፍ አድርጋ አውጥታ፦
«ሰኔ ሲመጣ ምን ሊተክል ነው፣ የዘር ድንቹን የበላ?
ዘንድሮን ጠግቦ አድሮ፣ ከርሞን ሊለምን ነው ሌላ?
ኳስ ሲቀበል አላያችሁም? በግራው ያባብላታል፤
ተከላካዩ ወደ ጦሳ ሲያይ፣ እሱ በአዝዋ በኩል ያልፋል።
ሦስት ዓመት ብቻ ታገሡት!»

«ሦስት ዓመት?» ሳቀ አበጋዝ፣ የሂሳብ መምህሩ፤
«እስቲ ቁጥር እንጠይቅ፣ ስሜቱ ይቅር ከነግርግሩ።
ከዚህ ሜዳ 'ተስፋ' የተባሉ፣ እኔ ብቻ የቆጠርኳቸው
አሥራ ስድስት ናቸው።
አንዱ ኮምቦልቻ ብረት ይጭናል፤ አራቱ ጅዳ ገቡ፤
አንዱ የኔው ተማሪ ነበር፣ በሃያ ዓመቱ ከዳው ጉልበቱ፤
የቀሩትን እንጃ።
አንድ ብቻ፣ አንድ! ደረሰ ከብሔራዊ ቡድን ወንበር፤
እሱም ወንበሩ ላይ ነበር።»

ሙሄ እስካሁን ዝም ያለው፣ «በውሰት ቢሰጥስ?» ቢል
ሁለቱም ወገን ጮኸበት።
እንዲህ ነው አስታራቂ፣ በመሀል ቆሞ ዱላ የሚበዛበት።

እኔ ዝም አልኩ። ከሳጥኔ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ
የኑርዬ ታኬታ አለ።
ሐሙስ ማታ ነው ያመጣው፣ «ሶሉ ተከፈተ ጋሼ» ብሎ፣
የግራውን ብቻ፣ ከደብተሮቹ መሀል አዝሎ።

ሠላሳ ዓመት ጫማ አየሁ። ጫማ ምስጢር አይደብቅም፤
ሰው ፊቱን ይታጠባል እንጂ ሶሉን ማንም አያጥብም።
የውስጥ ጠርዙ ተበልቷል፣ ተረከዙ ወደ ጎን ፈሷል፣
ከቁርጭምጭሚቱ አጠገብ የፋሻ ክር ተጣብቋል።
ይሄ ልጅ እየፈራ ይረግጣል።
ያቺ ኳስ የምታባብል እግር ታማለች፤
ወይም ገና ልትታመም ነው፤ ወይም ደግሞ ምንም አልሆነች፤
ጫማው የታላቅ ወንድሙ ነበር፣ ሁለት ቁጥር ሰፍቶት
ካልሲ ደራርቦ፣ ጨርቅ ጠቅጥቆ አጥብቆት።
እኔም ቢሆን የማነበው ሶል ነው፣ አጥንት አይደለም።
ብናገር፣ ሳይመሽ ዋጋው ይወድቃል፤ የሚያነሳውም የለም።
ዝም ብል፣ አንድ ከተማ ሙሉ ገንዘቡን አውጥቶ
የኔን ዝምታ ይገዛል፣ ልጅ የገዛ መስሎት።

«አንተስ ጋሽ ታደግ?» አለኝ ይማም፣ «ይሂድ ወይስ ይቅር?»
ወስፌዬን ከሰሙ ነቅዬ በጥርሴ በጠስኩ ክር።
«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ፣ «ጫማ እንጂ እግር አልሰፋ።»
ሳቁ። ክርክሩ ቀጠለ፤ ይማም በሐዋ ድንች ዋጋ
ሌላ ጠብ አንስቶ ጠፋ።

ሲመሽ፣ ጉሙ ወርዶ መብራቱን ሲያደበዝዘው፣
ከውስጥ በኩል የበሬ ቆዳ ቆርጬ ደረብኩለት፣ ወፈር ያለው፤
ሒሳቡ ላይ አላስገባሁትም።
የዝውውሩ በር ረቡዕ ይዘጋል።
ልጁ ጫማውን ሊወስድ ነገ ጠዋት ይመጣል።