በእርሳስ የተጻፈ

አሽቀሎን ነው፤ ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣
አሥራ ሰባት ደረጃ ወርዶ፣ የብረት በር አዝሎ፣
ሚክላታችን አለ፤ ሮኬት ሲመጣ መሸሸጊያ፣
በሰላሙ ቀን ደግሞ የመጽሐፎቼ ማደሪያ።

ቁልፉን ማዘጋጃ ቤት ሰጠኝ፤ ደመወዝ አልጠየቅሁም።
ሰው የጣለውን መጽሐፍ ከገንዳው ጎን አላልፈውም፤
አቧራውን ጠርጌ፣ ጀርባውን በሙጫ ጠግኜ፣
ማታ ማታ አነብበዋለሁ ከአምፖሉ ሥር ሆኜ።
ከዚያ ካርድ እቆርጣለሁ ከመድኃኒት ካርቶን፣
እጽፍበታለሁ የመሰለኝን።
በእርሳስ ነው፤ ቀለም አልወድም። ሰው ይሳሳታል፤
መጽሐፍም ሲያድር ሌላ ይሆናል።

ያማርኛው ከግራ ይጀምራል፣ የዕብራይስጡ ከቀኝ፤
ጎን ለጎን ሳቆማቸው የተኳረፉ ጎረቤቶች መሰሉኝ።
እኔ ግን መሐል ገጽ ላይ ይገናኛሉ ባይ ነኝ።

ስለ ልብስ ሰፊው ልቦለድ እንዲህ ብዬ ነበር፦
«መቶ ገጽ ሙሉ ይለካል፤ መቀስ አያነሣም ነበር።
ከዚያ ሚስቱ ሞተች፣ በአንድ መስመር፣ ያውም በቅንፍ ውስጥ፤
ሻዬ እስኪበርድ ተቀመጥሁ ያቺን ቅንፍ ሳዳምጥ።»

«ንብ ማነብ» የሚለውን «ማንበብ» መስሎኝ ነው ያነሣሁት፤
ሰውዬው ግጥም አያውቅም፣ ሳልወድ በግድ ጨረስሁት።
«ንግሥቲቱ ስታረጅ መንጋው አያለቅስም፤
ሌላ ያሳድጋል» ይላል፤ ከዚህ በላይ አይልም፤
በደረቁ ነው፣ እንደ ደረሰኝ።
ካርዱ ላይ «ከግጥሞቹ ጋር ይቀመጥ» አልሁኝ።

ስለ ወገራ በተጻፈው ታሪክ፣ ባለ ብዙ ግርጌ ማስታወሻ፣
ፕሮፌሰሩ መንደራችንን ከወንዙ ማዶ አኖራት፤
ካርታው ላይ በእርሳስ መልሼ አሻገርኋት።

ወፍራሙ የራሽያ ትርጉም፣ መጨረሻው የተቀደደበት፣
ጎረቤቴ ጋሊና ያመጣችልኝ ከድሮ ቤት፤
«ማን ገደለው?» ብላት ትከሻዋን ሰበቀች፤
«ሁሉም፣ ቀስ በቀስ» አለች። መልሷ እንዳለች ካርዱ ላይ ሰፈረች።

የጋሽ ባይህ የግጥም መድበል ግን፣ በራሱ ገንዘብ ያሳተማት፣
ሦስት ሕንፃ አልፎ ነው ቤቱ፤ በየበራችን ያደላት፣
ሳልራራ ጻፍሁባት፦ «ቤት ይመታል፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።
ሰም ብቻ ነው፤ ብናቀልጠው ወርቅ አናገኝም።
ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስለ አባቱ ዱላ አራት መስመር አለ፤
ለነዚያ ስል...» ካርዱ አለቀ፤ ሐሳቤ እንደተንጠለጠለ።

ማክሰኞ ሌሊት ሳይረኑ ጮኸ። ሠላሳ ሰከንድ ነው ያለን።
በየነጠላ ጫማችን ወረድን፤
ሕፃን ያዘለች፣ ባንድ እግሩ የተጫማ፣ ጋሊና ከነድመትዋ፤
ኖጋ፣ የልጄ ልጅ፣ እርጥብ ፀጉሯን ጠቅልላ በፎጣዋ።
ጋሽ ባይህም መጣ፣ በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፤
ያቺው ካርድ ሥር ተቀመጠ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ።

ከላይ ምድር ስትመታ፣ ኖራው ከጣሪያ ሲራገፍ፣
እኔ የፈራሁት ዓይኑን ነበር፣ በጽሑፌ ላይ ሲያልፍ።
አነበበ። ደገመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
ይቆጣል ብዬ መልስ አዘጋጀሁ።
እጁን ዘረጋና «እርሳስ አለሽ?» አለኝ።
ሰጠሁት። በዚያች ሰዓት ሌላ ምን አለኝ?

ዐሥር ደቂቃው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ወጣ፤
እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ያ እርሳስ ምን እንዳመጣ።
ካቆምሁበት ቀጥሎ ነበር፣ ሐሳቤን ሳይሰርዝ፣
በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ጽሕፈት፣ ካርዱ ጠርዝ ለጠርዝ፦
«ለነዚያ ስል ነው
ሌላውን ሁሉ የጻፍሁት።»

መጽሐፉን ዳግመኛ አነበብሁት።
ካርዱን አልቀየርሁም፤ ሌላው አሁንም ደካማ ነው።
አንድ ሰው ተውሶታል፤ እስካሁን አልመለሰው።