ሃያ ሊትር

ሠላሳ ሦስት ዓመት መሪ ይዤ ኖርኩ፣
ለሰው ሸክም ብዬ አገር አቆራረጥኩ።
ጥጥ ጭኜ መጣሁ፣ ጨርቅ ጭኜ ሄድኩ፣
አንድ ቀን ለራሴ የትም አልወረድኩ።
የተሻገርኩትን ወንዝ ከስሙ በቀር አላውቅም፣
ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ለሹፌር አይፈቀድም።

ጡረታ የወጣሁ ለት ለጦይባ ነገርኳት፤
«እስካሁን ለጭነት፣ አሁን ላንቺ» አልኳት።
ከጨረታ ገዛሁ ያረጀ አምቡላንስ፣
ሳይረኑ የወለቀ፣ በሩ የሚያለቃቅስ፤
በቃሬዛው ፈንታ አልጋ መታሁበት፣
ፍራሽ በልክ አስቆርጬ ተጋድሜ አየሁበት።
መጋረጃው የእሷ ነው፤ የፋብሪካችን አቡጀዲ፣
ጠርዙን በእጇ ሰፍታ «ይኸው» አለች፣ «ንዳ እንግዲ!»

ደብተር ላይ ጻፍነው፤ መጀመሪያ ሐይቅ፣
ሁለት ሌሊት ማደር፣ ዓሣ መጥበስ፣ መሳቅ፤
መርሳ ለማንጎ፤ ወልዲያ እህቷ ዘንድ፤
ለባቲ ሰኞ ገበያ እሑድ ማታ መውረድ።
ጦይባ ከሁሉ በታች በእርሳስ ጨመረች፣
«ባሕር። የትኛውም ባሕር» ብላ ከሥሩ አሰመረች።

ዋጋው ጨመረ ተባለ፤ ደብተሩን አወጣን፣
መርሳን ሰረዝን፤ «ማንጎው ራሱ ይመጣል» አልን።
ደግሞ ጨመረ። ወልዲያ በስልክ ሆነች።
የጡረታዬ ብር ግን ያቺው የድሮዋ ነች፤
ወር ጠብቃ ትመጣለች፣ ወር ግን አታደርስም፣
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አካፈልኩ፤ ባቲም አልተረፈም።
ልጄ ይማም «ሽጠውና ላም ግዛ» ይለኛል፣
መኖስ ማን ቀነሰው? ይሄ መች ይገባዋል!
እስከዚያ ዶሮዬ ጎማው ሥር ታቀፈች፣
በመኪናው ከእኛ ቀድማ ቤት ሠራች።

ሐሙስ «ናፍጣ ገባ» ተባለ፤ ተነሣሁ በማለዳ፣
ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በሰፌድ አዛውሬ ጓዳ።
ሰልፉ ከማደያው ተነሥቶ ቦርከና ድልድይ ደርሷል፣
ጅራቱን የያዘ ሰው ራሱን ማየት ረስቷል።
ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ አገር አቋራጭ ባስ፣
በመሀላቸው የእኔ ባለ አልጋ አምቡላንስ።

መሸ። ጦይባ በባጃጅ ስንቅ ይዛ መጣች፣
ሰልፉን አየች፣ አልጋውን አየች፣
መጋረጃውን ስባ ጫማዋን አወለቀች።
«እዚሁ እንደር» አለች።

እንዲህ ነው የመጀመሪያው ጉዟችን፤
ከቤታችን የሁለት ሺህ እርምጃ መንገድ።
በየሰዓቱ አንድ መኪና ያህል ወደፊት ስንጠጋ፣
ሞተር ማስነሣት ብክነት ነው፤ በእጅ ገፋነው እስኪነጋ።
እኔ ከኋላ በትከሻዬ፣ እሷ መሪው ላይ ነበረች፣
አርባ ዓመት የሹፌር ሚስት፣ ያን ሌሊት ገና ጨበጠች።
የሲኖትራኩ ረዳት አብሮኝ እየገፋ፣
«እማማ፣ ትንሽ ወደ ግራ! ለመሆኑ ጉዞው ወዴት ነው?»
አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ባሕር» አለችው።
ልጁ አልሳቀም።
«በሰላም ያግባችሁ» አለ።

ነጋ። ሃያ ሊትር፤ ከዚያ በላይ አይቀዳም።
«ሐይቅ ደርሶ መልስ ይበቃናል» አልኳት፤ ጣቷን ቆጠረች፣
የደም ግፊት ክኒኗን፣ መብራቱን፣ የወሩን ጤፍ አሰበች፤
«ዳገቱን ብቻ አውጣኝ» አለች።

ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ወጣን፣
ሺህ ጊዜ ያለፍኩበት ጥምዝ ላይ ዳር ይዘን ቆምን።
ኮምቦልቻ ከሥር ተዘርግታለች፤ የፋብሪካው ጣራ፣
ቦርከና ከእኛ ክር ቀጥኖ በየማሳው ሲጣራ።
ለካ ይታያል! እኔ ከዚህ ቦታ የማውቀው
የፍሬን ሽታውን ብቻ ነው።
ዳቦ ቆረሰች። ብዙ አላወራንም።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ነዳጅ አልጠየቀንም፣
ግቢያችን ደርሰን ግን መግባት አልቻልንም።
ዶሮዋ ሰፌዱን ጥላ፣ ጓዳውን ጥላ ወጥታ፣
መኪናው ይቆምበት የነበረው ላይ ክንፏን ዘርግታ
ተኝታለች፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታየናለች።
ጥሩንባ አልነፋሁም። ሞተሩ እየሠራ፣
ናፍጣው በጠብታ እየነደደ፣ ብሬን በዓይኔ እያየሁት፣
ቆሜ ጠበቅኳት።
ጦይባ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣
«ሞተሩን አጥፋ» አላለችኝም።