የሳሳ

ሥራዬ ምድር ቤት ነው፤ አንቴፕ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ።
ለአንድ ትሪ ባቅላቫ የሊጡ ቅጠል አርባ፣
አርባውንም እኔ ነኝ ዳምጬ የማሳሳ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከዶሮ ጋር ስነሣ።

መምህሬ ኡስታ ኔጃቲ አንድ ሕግ ነበረው፦
የዳመጥኩትን ሊጥ ጋዜጣ ላይ ያነጥፈው፣
«አንብብ!» ይለኛል። ፊደሉ ከታየኝ
ያን ቀን ሰው ነኝ፤
ካልታየኝ
ምሳ የለኝ።

ግን ለእኔ ፊደሉ መች በወጉ ታይቶኝ ያውቃል?
ስታርቹ እንደ ጉም ተነሥቶ መነጽሬ ላይ ያርፋል፤
በሽርጤ እጠርገዋለሁ፣ ሽርጤም ስታርች ነው፤
ዓይኔን በክንዴ አሸዋለሁ፣ ክንዴም ያው ነው።
ቁጥሬ ስድስት ከግማሽ፤ መነጽሬን ያወለቅሁ 'ለት
ምድጃን ከሰው የምለየው በሙቀት።

ሲጋራ አቆምኩና የሲጋራውን ገንዘብ
በቆርቆሮ ጣሳ ሦስት ዓመት ስሰበስብ፣
ሚስቴ ጉሊዛር ቆጥራ «ሞላ» ያለችኝ ማታ
ለዓይን ሐኪሟ ደወልኩ፣ ምላሴ በደስታ ተሳስራ።

ዶክተር ፌራይ አገጬን ከማሽኑ አፋፍ ላይ
አስደግፋ፣ «አትርገብገብ» አለች፣ «አረንጓዴዋን እይ»።
ከዚያ ዓይኔን እንደ ካርታ ስክሪኑ ላይ ዘረጋችው፦
ባሕሩ ሰማያዊ፣ ሜዳው ቢጫ ነው፤
ከታች በኩል ግን አንዲት ቀይ ደሴት አለችው።

«አራት መቶ ስልሳ አንድ ማይክሮን።
ኮርኒያህ ስስ ነው፣ ቬይሲ ቤይ።»

ሣቄ መጣ። እኛ ቤት «ስስ» ሙገሳ ነው!
ኡስታ ኔጃቲ ለዚህች ቃል ነው ያስለቀሰኝ።

እሷ አልሣቀችም። ወረቀት ስባ እንደ ባለሱቅ ቀነሰች፦
ለክዳኑ መቶ አሥር፤ ለሌዘሩ ዘጠና አምስት አለች፤
«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ሦስት መቶ ካልተረፈ
እጄን አላነሣም።» እስክሪብቶዋ አረፈ።
«ክዳን ሳይከፈትስ? ከላይ በላዩ ቢፋቅ?»
«ደሴቷ ባትኖር አስብበት ነበር። እሷን ግን ማን ይወቅ?
ግድግዳው ሲሳሳ፣ ከውስጥ ግፊት አለ፤
በዓመት በሁለት ዓመት ወደ ውጭ ይነፋል።»

ይነፋል።
ምድጃ የገባ ቅጠል አንድ ጎኑ ከሳሳ
እንዴት እንደሚያብጥ፣ እንዴት እንደሚፈነዳ
ለእኔ ነው የምትነግረኝ?

ወጥቼ ተቆጣሁ። ከፋርማሲው ደጃፍ ቆሜ
ሌላ ክሊኒክ ደወልኩ፤ ሴትዮዋ እንኳን መድከሜን
ስሜንም አልጠየቀች። «ነገ ይምጡ» አለች በፈገግታ፣
«ለሁለት ዓይን ቅናሽ አለ፣ ሆቴል ከነራቱ፣ አንድ ማታ።»
ሊጥ እንኳን ስንገዛ በጣታችን ጫን እናደርጋለን፤
እሷ ሳትነካኝ ገዛችኝ።

ሌሊቱን ጣሳውን ታቅፌ፣ ጉሊዛርን እንዲህ አልኳት፦
«አንደኛዋ ለሊራዬ፣ አንደኛዋ ለዓይኔ ሳሳች፤
የሳሳው ግን የእኔ ነው። የትኛዋን ልመን?»
ጉሊዛር ተኝታ ነበር፤ ወይም የተኛች መስላ ነበር።

አልሄድኩም።

በጣሳው ገንዘብ የክረምት ከሰል ገዛን።
ከሐኪሟ የቀረኝ ቀጠሮና አንድ ትእዛዝ ነው፦
በዓመቱ ተመለስ፤ ዓይንህን እንዳታሽ።
እንዳታሽ! ስታርች ለሚያዘንብ ሰው!

ትናንት ጎህ ሲቀድ በላኝ። እጄ ሳላዘው ተነሣ፣
ቅንድቤ ጋ ደርሶ ቆመ፣ እንደ ተያዘ ሌባ።
«ሲዳር፣ ና እስቲ፣ መነጽሬን ጥረግልኝ» አልኩት ልጁን።
አወለቀልኝ። አምፖሉ አብጦ ጨረቃ አከለ፣
ትሪው ቀለጠ፣ ግድግዳው ዋለለ፤
ሲዳር ብቻ፣ በሙቀቱ፣ ከፊቴ አለ።
መስታወቱ ላይ ሁለቴ ሲተነፍስ ሰማሁት።
«ኡስታ፣ ይኼኛው ቅጠል ገና አልሳሳም፤ ልጨምርበት?»

ጋዜጣ አላነጠፍኩም።
በመዳፌ ጀርባ፣ ሳላየው፣ ዳሰስኩት።
«በቃው» አልኩ።
«ተወው። እንዲህ እንዳለ።»