ሦስት ራዲዮ፣ አንድ ሚዛን

«ሚዛን ላይ ትወጫለሽ» አለኝ አብራሪው በስልክ፤
«ሩዝሽም፣ ጫማሽም፣ አንቺም፤ ሁሉም በኪሎ ልክ።»
ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ከስሌቭ ሌክ ወደ ሰሜን፣
ከጥዱ ራስ በላይ በቆመ የብረት ማማ ላይ ሆኜ
ጭስ ልጠብቅ ነው።
ማማ ስል፣ ወፍ የሚባረርበት፣ ወንጭፍ የሚጮህበት አይደለም፤
የዚህኛው ጠባቂ ያያል። ካየ ይናገራል።
ካላየ፣ ቀኑን ከነሌሊቱ ዝም ይላል።

ልጄ ያፌት ሳቀብኝ፦ «ስልክሽ እያለ የምን ራዲዮ ነው?»
«እዚያ ላይ ስልክ ድንጋይ ነው፤ መስታወት የለበሰ ነው።»

ቅዳሜ፣ በረዶው ጭቃ ሆኖ ጫማ ሲስብ፣
የኤድመንተንን መቶ አሥራ ስምንተኛ ጎዳና ይዤ
ኦሬስት ሱቅ ገባሁ።
ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል፤
ሱቁ የቆርቆሮ ብየዳ ይሸታል።
አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ አልኩት።
ሦስት ደረደረልኝ።

አንደኛው ጡብ ያህላል፤ ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣
መዘውሩ ለጣት የሚመች፣ ድምፁ ግድግዳ አላፊ።
ግን ስድስት ባትሪ ድንጋይ በሳምንት ይጨርሳል፤
በጣቴ ቆጠርኩ፦ የራዲዮው ቀለብ ከእኔ ቀለብ ይብሳል።

ሁለተኛው ኪስ ይገባል፤ ቁጥሩ በመስኮቱ ይሮጣል፣
ጣቢያውን ራሱ ያስሳል፣ ሺህ ጣቢያ በሆዱ ያስቀምጣል።
ያፌት ቢሆን ይህን ይመርጥ ነበር።
እኔ አሰሳውን አየሁት፤ እንደ ቸኮለ መልእክተኛ
በር በሩን አንኳኩቶ ያልፋል፤
ደከም ያለውን፣ የሚያቃስተውን፣ የሩቁን
«የለም» ብሎ ይዘለዋል።
እኔ ደግሞ የተቀጠርኩት
ለዚያው «የለም» ለተባለው ነው፦
ከአድማስ ጥግ ክር ለምታህል ጭስ፣
ጉም ናት ቢሏት ለምታሳምን፣ እሳት ሆና እስክትደርስ።

ሦስተኛው፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይን አይሞላም።
አንቴናው አንገቱን ሰብሮ ያቀረቀረ፣
የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በፕላስተር የታሠረ፤
ከጀርባው አንድ ሰው በእርሳስ ጽፎበታል፦
«ሠላሳ አንድ ሜትር፣ በረዶ ከጣለ በኋላ።»
«ማን ጻፈው?» አልኩ።
ኦሬስት ትከሻውን ሰበቀ። «ሲመጣም እንዲሁ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ሦስቱም አንድ ናቸው፤
አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ የጎረቤቱ የፒዛ ምድጃ
ተባብረው ይጮኹባቸዋል።
«ራዲዮ ቤት ውስጥ ሆነው አይገዙም» አለና ኮቱን ደረበ።
በጓሮ በር ወጣን፤ ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ
ሽቦውን ከብረት አጥሩ ጋር በመቆንጠጫ አያያዘ፣
አጥሩ ሁሉ ጆሮ ሆነ፣ እስከ ጎዳናው ጫፍ ድረስ።

ጡቡ አንድ ሰባኪ ያዘ፤ ጎረቤት የሚቀሰቅስ።
ባለመስኮቱ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከተነሣበት ተመልሶ ቆመ።
ያ ጎባጣው —
መጀመሪያ ምንም አላለ።
ምንም ሲል ግን የጠራ ምንም፤ ያልሻከረ፣ ያልታመመ፤
ከዚያ ውስጥ፣ ውኃ ሥር እንዳለ ጠጠር፣
የሴት ድምፅ ታየኝ፤ ታየኝ ነው የምለው።
ዜማው የቁጥር ነው፤ የዓሣ ዋጋ ይሁን የማዕበል ከፍታ፣
እሱም ቋንቋውን አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤
ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ።
እግራችን እስኪደነዝዝ ቆምን፤
ማናችንም «እንግባ» አላልንም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ የገዛሁት ያንን ዝም ነው።

ዘጠና ዶላር ጠራ፤ ለክዳኑ አሥር፣ ለአንገቱ አሥር አስቀነስኩ፤
ለክርክሬ ደግሞ አሥር ሜትር ሽቦ መረቀልኝ።

ማታ፣ በወጥ ቤት ሚዛን፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ግራም።
ከሻንጣው ያንኑ ያህል ማውጣት ነበረብኝ፤
ምስሩን ነካሁ፣ ተውኩት። ካልሲውን ነካሁ፣ ተውኩት።
የዝናብ ካፖርቴን አወጣሁ።
ከዘነበማ እሳት የለም፤
እገባና አዳምጣለሁ።