ቅጥፈት

ከአንዴስ ተራራ ሥር፣ በኪልማይ ሸለቆ፣
ወይኑ በሐረጉ ፍሬው ተጨናንቆ፣
ኖርማ ካታላን ሳጥኗን አንግታ፣
ጉድጓድ ለጉድጓዱ ስትዞር ሰንብታ፣
ዐሥራ ሰባት ጠርሙስ ሞልታ፣ አሽጋ፣ አምጥታ፣
እርሳሷን ቀርጻ ጻፈች በዝርዝር፤
በየጉድጓዱ ያለ የአርሴኒክ ቁጥር።

ዐሥራ አንዱ ደህና፤ ልጅ የሚታጠብበት፣
ሽማግሌ ጠጥቶ ፈረስ የሚረካበት።
ስድስቱ ግን ክፉ፤ ሽታ የሌለበት፣
ቀለም የማያውቀው፣ ጣዕም የጠፋበት፣
ዘመድ መስሎ ገብቶ አጥንት ውስጥ የሚያድር።
ዐሥራ አራተኛው ያለው ከኦሪያና በር።

ወረቀቱ ሄደ።
ከንቲባው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሌሊት አደረ።
በሦስተኛው ጧት ራዲዮ ተናገረ፦
«ዐሥራ አንድ ጉድጓድ፣ ዐሥራ አንድ ምስክር!
ይኸው በየስሙ፣ ይኸው በየቁጥር፣
ይኸው የባለሙያ ማኅተምና እጅ፤
ጠጡ፣ አብስሉበት፣ እጠቡበት ልጅ።»

ዶን ኤቫሪስቶ ድምፁ የሚያምር ሰው፤
ሕዝቡ ይቅርና ደመና የሚያባብለው።
ኖርማ ምድጃው ፊት ቆማ ሰማችው።
ቁጥሩ የእሷ ቁጥር፤ አንድም አልጨመረ፣
ነጥብ አልነቀለ፣ ዜሮ አልቀየረ።
ራዲዮውን አጠፋች። መልሳ ከፈተችው።
ደግሞ አጠፋችው።

ሦስት ዓመት ዝም አለች፤ ይህም ይመዝገብ፤
ደሞዟን ተቀብላ፣ በልታ እስክትጠግብ፣
ከኦሪያና ደጃፍ መንገዷን አሳብራ፣
ሰላምታዋን ከሩቅ በእጇ ወርውራ።

ኢላሪዮ፣ የኦሪያና ልጅ፣
መዳፉ ሻክሮ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኖ፣
የኳሱን ልስላሴ መለየት ተስኖ፣
ሐኪሙ እጁን ይዞ ዝም ባለ ጊዜ፣
ያኔ ነው ሸለቆው የነቃው ከፍዛዜ።

አጣሪ ሸንጎ ተቀመጠ።
ጠበቃው ተነሣ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
ፈገግታውን ደግሞ በልኩ አድርጎ፦
«ወይዘሮ ካታላን፣ ከተነበበው ቃል
ሐሰት ነው የሚሉት የትኛው ይሆናል?
አምስተኛው ጉድጓድ?»
                 «እውነት ነው።»
«ዘጠነኛው?»
          «እውነት።»
«ዐሥራ ሁለተኛው?»
                «እሱም እውነት።»
«እውነት ላይ እውነትን ቢደምሩት፣ ጌቶች፣
ውሸት ይወለዳል?»
ሳቁ አንዳንድ ሰዎች።

እሷ ግን በመስኮት ገበያውን አየች።
ሉፔርሲያ ኮክ ሻጯ ቅርጫት ትሞላለች፤
ቀዩን፣ ጠብደሉን ከላይ ደርድራለች፣
የበሰበሰውን ከሥር ሸሽጋለች።
ከላይ ያለው ኮክ መቼም ኮክ ነው፤
ቢገምጡት ጭማቂው አገጭን የሚያርሰው።
ገዢ ግን ቤት ገብቶ ቅርጫቱን ገልብጦ፣
ተመልሶ ቢመጣ በንዴት አፍጥጦ፣
«ከላይ ያሉት እኮ እውነት ነበሩ» አትለው።
ብትለውስ?
ማን ይሰማታል።

መቼም የሚናገር ሳይመርጥ አይናገር፤
ዓለምን በሙሉ ማን አንብቦ ሊያድር!
ሐኪምም ይመርጣል፣ እናትም ትመርጣለች፤
ኖርማም ለእናቷ ስንቱን ደብቃለች።
ነገር ግን መራጩ ለማን ብሎ መረጠ?
የተወው ስድስቱ ማን ጉሮሮ ሰመጠ?

«ዋሹ ነው የሚሉት?» ጠበቃው ደገመ።
ማራገቢያው ራሱ የቆመ የቆመ መሰለ።

«አንድም ቃል አልዋሹም» አለች ቀስ ብላ፣
እጇን ካግዳሚው አንሥታ፣ አስተካክላ።
«የወይን ለቃሚ ልጅ ናቸው ከንቲባው፤
ጣታቸው ያውቃል የትኛው እንደሚያምረው።
ዐሥራ ሰባት ዘለላ ፊታቸው ቀረበ፤
የበሰለ የበሰለውን እያዩ
ቀጠፉ።
      ሌላ አላደረጉም።
                   ቀጠፉ፣ ነው ያልሁት።»

መዝጋቢው ብዕሩን ከወረቀት አንሥቶ፣
«በየትኛው ፍቺው?» ሊል ከንፈሩን ከፍቶ፣
ተወው።

«እኔም» አለች ደግሞ፣ የጠየቃት ሳይኖር፣
«ከዝምታ ዛፍ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለቅም ነበር።»

ከኋላ ወንበር ላይ ኢላሪዮ ተቀምጧል።
መዳፉን ከሱሪው ያሸዋል፣ ያሸዋል።
አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እሱ ብቻ ነው፤
ሻካራ፣
ቁጥር የሌለው።