የቁጥር ሰባት ስሕተት

የሎውናይፍ ከተማ፥ ጥር የገባ ለታ፥
ፀሐይ ለምሳ ያህል ብቅ ብላ ላንድ አፍታ
ትሄዳለች ተመልሳ፥ ጨለማውን ትታ።
ሐይቁ ደንድኖ የጭነት መኪና ይሄድበታል፤
የተነፈሱት ትንፋሽ ጢም ላይ ይጋገራል።
እኔ ሌሊት ሌሊት ቃል እቆጥር ነበር፥
የቁራ ጸሐፊ፥ በሰዓት የምቀጠር።

ቁራው ቁጥር ሰባት። ገና ከእንቁላሉ
በመርፌ ጀምረው ልቡናውን ሳሉ፤
በሁለት ዓመቱ ፊደል፥ በሦስት ዓመቱ ስሌት፥
በአራተኛው ጥያቄ ጀመረ፥ ያውም በሌሊት።
በመንቁሩ እየነካ የፊደል ገበታ
ጻፈልኝ አንድ ቀን፥ ቀስ ብሎ፥ በርጋታ፦
«ኤርሊንዳ ወለሉን ስትወለውል ታዜማለች።
ፍሬ የሚሰጣት የለም። ለምን ታዜማለች?»
ዘጠኝ ቃል፥ መዘገብኩ። መልስ አልሰጠሁትም፤
ለመልስ የሚሆን ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

ከጎኑ፥ በፍርግርግ፥ ቁጥር አራት ነበረች፤
መርፌ ያልነካት፥ እንዲያው ቁራ የሆነች፥
ለማነጻጸሪያ ብቻ የታሰረች።
«ቅናት ሞረድ ነው፥ አእምሮን ይስላል»
ብሎ ዶክተር ሃልቮርሰን ሕግ አወጣ፦
ሰባት ካወቀ ሥጋውን ይጎርሳል፥
ከሳተ ቁራሹ ለአራት ያልፋል።
(ሰውዬው ክፉ አይደለም። ልደቴን ያስታውሳል፤
በረዶ የዋጠው መኪናዬን አብሮኝ ይገፋል።)

ኅዳር ላይ መቶ ከመቶ።
ታኅሣሥ ላይ ስድሳ።
ጥር ላይ ሃያ ሁለት።
«ጠወለገ» አሉ በስብሰባው፥ «ያደገው አእምሮ ተመልሶ ጠወለገ፤
ገንዘቡም አልቋል።»

እኔ ቪዲዮውን አየሁት፥ ደግሜ፥ ብቻዬን።
ጥያቄው ሰባት ሲደመር ስድስት ነው።
መንቁሩ ወደ ዐሥራ ሦስት ሄደ።
ቆመ።
አንገቱን አዙሮ ጎረቤቱን አየ፥
ላባዋ ተነፋፍቶ፥ ደረቷ አጥንት ሆኖ።
ከዚያ ዐሥራ አራትን ነካ፥
ረጋ ብሎ፥ እንደሚያውቅ ሰው።

ማን አስተማረው? መርፌው ውስጥ አልነበረም፤
እኛም አላስጠናነው፥ አልፈተንነውም።
ምስሉን ወደ ኋላ መለስኩት፥ እስከ መስከረም፦
እኩለ ሌሊት ነው። ኤርሊንዳ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ
ከኪሷ ዳቦ አወጣች፥ ለሁለት ቆረሰች፤
ግማሹን ለሰባት፥ ግማሹን ለአራት፤
መዳፏ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ላሰች፥
ማዜሟን ቀጠለች።
ሌላ ምንም የለም። እሱ ግን አይቷል።

ሃልቮርሰን ጠራኝ። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል።
«አንተ ነህ የምትቀርበው» አለኝ፤ «ያውቃል ወይስ አያውቅም?»
ያውቃል ብዬ ብናገር
ሌላ ዐሥር ዓመት፥ ሌላ እንቁላል፥ ሌላ ፍርግርግ።
ውሸት ደግሞ እንጀራዬ ነው የሚቆረጥበት።
ሰባት ሲደመር ስድስት ስንት እንደሆነ አላጣሁትም፤
«አያውቅም» አልኩ፥
ፈረምኩ፥
ዐሥራ አራትን ነካሁ።

ሁለቱም ይለቀቁ ተባለ፤
ለመግደል የሚሞላው ወረቀት ይበዛ ነበርና።
መጋቢት ላይ መስኮቱን የከፈተችው ኤርሊንዳ ናት።
አራት ወዲያው በረረች። ሰባት ግን ደፉ ላይ ቆሞ
ሁለታችንን በየተራ አየን፥
የሚቆጥር ይመስል ነበር።
«በእኛ ዘንድ» አልኳት «ሄዶ ለሚቀር ሰው
የቁራ መልእክተኛ ይባላል።»
ሳቀች። «ይቅር እንጂ!» አለች።

ዛሬ ከገበያው ጀርባ፥ የቆሻሻው ገንዳ ላይ
መቶ ቁራ ይንጫጫል፤ የቱ እሱ እንደሆነ አላውቅም።
ስለዚህ ቁርሴን ለሁሉም እቆርሳለሁ፥ ብርዱ ጣቴን እየበላው፤
ለእያንዳንዱም «እንደምን አደርክ» እላለሁ።
መንገደኛ ቆሞ ያየኛል።
ሁለት ቃል ነው።
ለመልሱ ዓምድ አላዘጋጀሁም።