የበረዶው ሂሳብ

ማለዳ፣ ባሕር ዳር ወደብ፣ ታንኳው ሸክሙን ሲያራግፍ፣
ላቀው ደብተሩን ዘርግቶ ከአሳው ክምር አጠገብ ሲጽፍ፦
«አስራ ስምንት ዲግሪ፤ ሰዓቱ አንድ ከሩብ።
ሙቀት በአስር ከጨመረ ፍጥነቱ እጥፍ፣ በግርድፉ ሲታሰብ»፣
አንጓች ስንጥቡን ገልጣ ቆሮሶዋን አሸተተች፤
«ይሄ ምሳን አያልፍም፤ ያኛው ለማታ ይደርሳል» አለች።

«ቅንጣቶቹ ይጋጫሉ» አላት፣ «በየቅጽበቱ፣ እልፍ ጊዜ፤
ግን ከፊታቸው ጉብታ አለ፤
የሞላለት ተሻግሮ፣ አቅም ያጣው ቁልቁል ተንከባለለ።
ፀሐይ ስትበረታ ጉብታው ያው ነው፣ አይቀንስም፤
ተሻጋሪው ነው የሚበዛው።»
«በረዶስ?»
«ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።»

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ በረዶ ቤቱ ጸጥ፣
ከሳጥኑ ስር ቀጭን ውሃ ወደ ጣና ሲያመልጥ።
የላቀው መስመር ደብተሩ ላይ ሽቅብ፣ ሽቅብ ወጣ፤
የአንጓች ዋጋ ቁልቁል፦ ከሁለት መቶ ሃምሳ
ወደ መቶ፣ ወደ «ስልሳ ያለው ይምጣ!»
ያው አንድ ነገር ነው የጻፉት፣
እሱ በእርሳስ፣ እሷ በጉሮሮዋ።

ሲመሽ አንዲት አሳ ቀረች።
ቴርሞሜትሩን ሲያነሳ እጁን ያዘችው፤
«ተው ልጄ» አለችው፣
«እቺን እንኳ
ሳትለካት ብላት።»